ሰነፍ አንጀትን በኤሌክትሪክ መቀስቀስ

ሥራዬ የሰው ሰገራ መቁጠር ነው። አልቀለድኩም። ሜልበርን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ እሠራለሁ። ጠዋት ፈረቃ ስገባ መጀመሪያ የማየው ማን መቼ እንደወጣለት የሚያሳየውን መዝገብ ነው። አንድ አዛውንት ሦስት ቀን ካልወጣላቸው ስማቸው አጠገብ «ቢኤንኦ 3» ተብሎ ይጻፋል። አንጀት አልተከፈተም ማለት ነው። ወዲያው ለነርሷ እንናገራለን። እንዲህ ለሰው ስሯሯጥ የራሴ ስንተኛ ቀኑ ላይ እንደነበር ልንገራችሁ? ዘጠነኛው ላይ።

11 ዓመት እንዲህ ኖርኩ። እኛ ዘንድ ጨጓራ ሲሆን ይወራል። ቡና ላይ ተቀምጠን የጨጓራችንን ታሪክ ከነመድኃኒቱ እንዘረዝራለን። ድርቀት ሲሆን ግን ዝም ነው፤ ያሳፍራላ! ፉትስክሬይ ገበያ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ሆዴን አይቶ «ምነው፣ አረገዝሽ እንዴ?» ሲለኝ እየሳቅኩ አልፍ ነበር።

አሁን በሳምንት ሦስት አራቴ ይወጣልኛል። የረዳችኝ ሆዴና ጀርባዬ ላይ የምለጥፋት፣ በባትሪ የምትሠራ፣ ስልክ የምታህል ማሽን ናት። በቀላል ኤሌክትሪክ ነርቭ ታነቃቃለች። ተአምር አትሠራም። ለሁሉም ሰውም አትሆንም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አለጣጠፉን ያስተማረችኝ ፊዚዮቴራፒስቴ ናት። እናንተም በባለሙያ እጅ ጀምሩት። እኔ የምነግራችሁ ባለሙያዋ በ40 ደቂቃ ቀጠሮ ውስጥ ለመንገር ጊዜ የማይበቃትን ነው።

መጀመሪያ ደብተር

ማሽን ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ተራ ደብተር ግዙ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ጻፉ። ወጣልኝ ወይስ አልወጣልኝም? ስንት ሰዓት ላይ? አማጥኩ? ከተነሣሁ በኋላ «ገና ይቀረኛል» የሚል ስሜት ነበረኝ? ምን ኪኒን ዋጥኩ? ምን ይመስላል?

ለመጨረሻው ጥያቄ የብሪስቶል ሰንጠረዥ የሚባል አለ። ከ1 እስከ 7 ነው። 1 ማለት እንደ ፍየል በጠጥ የተድቦለቦለ፣ ደረቅ። 4 ለስላሳና ወጥ። 7 ውሃ። የእኛ መሥሪያ ቤት ይህን ሰንጠረዥ በሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፤ ምሳ የምንበላበት ክፍል አጠገብ። አሁን ለምጄዋለሁ።

ሁለት ቀን ሳይወጣላችሁ ስለቀረ ሥር የሰደደ ድርቀት አለብኝ አትበሉ። ሐኪሞች የሚሉት በሳምንት ከሦስት ጊዜ በታች መውጣት፣ ብዙ ጊዜ ማማጥ፣ የደረቀ መሆን፣ ያልጨረሱ ዓይነት ስሜት፣ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ ሦስት ወር ሲቆዩ ነው። ያውም ችግሩ ከጀመረ ስድስት ወር ሲሞላው።

ደብተሩ ላይ ደም ከጻፋችሁ ግን ማሽኑን እርሱት። ሳታስቡት ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ደም ማነስ ከተገኘባችሁ፣ ዕድሜያችሁ ወደ 50 ተጠግቶ ድርቀቱ ድንገት ከጀመረ፣ ቤተሰብ ውስጥ የትልቁ አንጀት ካንሰር ካለ፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ። ሆድ ተነፍቶ፣ እያስመለሳችሁ፣ ጋዝ እንኳ አልወጣ ካለ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል። እግር ከዛለ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካለም እንደዚያው፤ ያ የአከርካሪ ነገር ሊሆን ይችላል።

የምትወስዱትን መድኃኒትም ሁሉ ጻፉ። የብረት ኪኒን ያደርቃል። ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ያደርቃል። አንዳንድ የደም ግፊትና የድብርት መድኃኒትም ያደርቃል። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ለሐኪሙ ግን አሳዩት። የታይሮይድና የካልሲየም ምርመራም ጠይቁ፤ በአንድ የደም ናሙና ያልቃል።

የመንገዱ ነው ወይስ የበሩ?

እኔ የሄድኩበት የመጀመሪያው ክሊኒክ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለኝ። «ውሃ ጠጪ፣ አትክልት ብዪ።» ጾመኛ ነኝ እኮ! ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ። ከዚህ በላይ አትክልት ካስፈለገ ሜዳ ወጥቼ መጋጥ ነው የቀረኝ። እማዬ ደግሞ ከደሴ እየደወለች «ተልባ አልጠጣ ብለሽ ነው» ትለኛለች። ጠጥቻለሁ። ተልባ ለብዙ ሰው ይሠራል። አንጀቱ ለማይንቀሳቀስ ሰው ግን ፋይበር መጨመር፣ የቆመ ታክሲ ላይ ሰው እንደ መጫን ነው። ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ እንጂ አልወጣልኝም።

የሚገባኝ ጥያቄ የመጣው ከአንዲት የአንጀት ሐኪም ነው። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ነው የሚያዘግመው፣ ወይስ መናኸሪያው በር ላይ ደርሶ በሩ ተዘግቶበት? እንዲህ በአውቶቡስ አላለችም፤ እኔ ነኝ ወደ ለገሃር የወሰድኩት። ሐሳቡ ግን ይኸው ነው። አንዳንዱ ሰው አንጀቱ ዘገምተኛ ነው። ሌላው አንጀቱ ደህና ሆኖ ሲያምጥ መላላት ያለበት የፊንጢጣ ዙሪያ ጡንቻ ይጠብቅበታል። ሁለቱም ያለባቸው አሉ።

ይህን ሳታውቁ ኤሌክትሪክ አትለጥፉ። በሩ የተዘጋበት ሰው ዋናው መድኃኒቱ ባዮፊድባክ የሚባል ልምምድ ነው። ጡንቻው ሲጠብቅና ሲላላ በስክሪን እያያችሁ በባለሙያ ትለማመዳላችሁ። በደንብ የሠራው አብዛኛው ሰው ይሻለዋል። ለዚያ ሰው ማሽን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ምርመራው አያምም፤ ያሳፍራል እንጂ። አንደኛው በራጅ የሚታዩ 24 ትንንሽ ቀለበቶች ያሉበት ካፕሱል መዋጥ ነው። በአምስተኛው ቀን ራጅ ትነሣላችሁ። ከአምስት በላይ ቀለበት ውስጥ ከቀረ አንጀቱ ዘገምተኛ ነው። የእኔ 19ኙ ነበሩ። ፎቶው ላይ ሆዴ ውስጥ ጨሌ የተበተነ ነው የሚመስለው። በእነዚህ አምስት ቀናት የሚያስቀምጥ መድኃኒት መውሰድ አይቻልም፤ ከሥራ ጋር ቀኑን አመቻቹ።

ሁለተኛው 50 ሚሊ ሊትር ውሃ የተሞላች ፊኛ በፊንጢጣ አስገብተው «በሉ አስወጡ» ይላሉ። ብቻችሁን፣ በር ዘግተው። ደህና ጡንቻ ያለው ሰው በአንድ ሁለት ደቂቃ ያስወጣታል። እኔ በ40 ሰከንድ አስወጣሁ። ስወጣ ነርሷ አጨበጨበችልኝ። በሕይወቴ እንዲህ የተጨበጨበልኝ ለዚህ ነው።

ስለዚህ የእኔ የመንገዱ ነው።

ኤሌክትሪኩ ምን ያደርጋል?

ትልቁ አንጀት የራሱ የነርቭ መረብ አለው። ከላይ ከአንጎል የሚወርድ፣ ከታች ደግሞ ከወገብ በታች ካለው ጠፍጣፋ አጥንት የሚወጣ ነርቭ ይደርሰዋል። በቀን የተወሰነ ጊዜ ትልቅ ማዕበል ተነሥቶ ያለውን ሁሉ ወደ ታች ይገፋል። ብዙውን ጊዜ ከእንቅልፍ ስንነሣና ከበላን በኋላ ነው። ጠዋት ቡና ጠጥተው ወዲያው የሚሮጡ ሰዎች አታውቁም? ያ ማዕበሉ ነው። የእኔ ዓይነት አንጀት ይህ ማዕበል ያንሰዋል።

እኔ የምጠቀምበት ስልት ኢንተርፈሬንሻል ይባላል። ማሽኗ ሁለት መስመር አላት። ሁለቱም በሰከንድ ወደ 4000 ጊዜ የሚርገበገብ ከረንት ይልካሉ፤ አንዱ ከሌላው በትንሹ ይለያል። ይህን ያህል ፈጣን ከረንት ቆዳን ብዙም ሳይቆነጥጥ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሁለቱ ሆድ ውስጥ ሲሻገሩ ልዩነታቸው በሰከንድ ከ80 እስከ 150 የሚደርስ ምት ይፈጥራል። ነርቮቹን የሚነካካው ይህ ምት ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር መሻገሩ ነው። ይህን ቃል ያዙት፤ እኔ በእሱ ነው የተቀጣሁት።

የሐሳቡ አመጣጥ ደስ ይለኛል። ፊዚዮቴራፒስቶች ይህን ከረንት ሽንት ለሚያመልጣቸው ሰዎች ሲጠቀሙ አንዳንዱን ሰው ሆዱን አላላው። ታዲያ ድርቀት ላለበትስ? እዚሁ ሜልበርን፣ ሮያል ችልድረንስ ሆስፒታል፣ ምንም መድኃኒት ባልሠራላቸው 8 ልጆች ላይ የተደረገ ሙከራ በ2005 ታተመ። በ2020 ደግሞ እዚሁ ከተማ 33 ሴቶች ለሁለት ተከፍለው በየቀኑ አንድ ሰዓት ለስድስት ሳምንት ሞከሩት። እውነተኛውን ካገኙት 53 በመቶው በሳምንት ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ በደንብ የወጣላቸው ሆኑ። የማስመሰያውን ካገኙት 12 በመቶው። ትንሽ ጥናት ነው። ግማሽ ያህሉ እንዳልሠራላቸውም አትርሱ። እኔ ግን 11 ዓመት ለተሰቃየ ሰው ግማሽ ዕድል ብዙ ነው ብዬ ገባሁበት።

አለጣጠፉ

መጀመሪያ እነማን እንደማይነኩት። የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ሌላ የተቀበረ የኤሌክትሪክ ዕቃ ያለው ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ሆዱ ወይም ጀርባው ላይ ካንሰር ወይም ቁስል ያለበት፣ የቆዳው ስሜት የደነዘዘ። የስኳር ሕመምተኞች ቆዳችሁ ስሜት እንዳለው አስመርምሩ፤ ካልተሰማችሁ ሳታውቁት ትቃጠላላችሁ።

ሁለተኛ፣ ማሽኑን ስታገኙ ኢንተርፈሬንሻል መሆኑን አረጋግጡ። ፋርማሲ ውስጥ ለጀርባ ሕመም የሚሸጠው ተራው ቴንስ ሌላ ነው። ይመሳሰላሉ። እኔ መጀመሪያ ከኢንተርኔት ርካሽ ነው ብዬ ያዘዝኩት ቴንስ ሆኖ ተገኘ። አሁን የባለቤቴ ትከሻ ላይ ነው የሚኖረው። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ኢንተርፈሬንሻል ለወገብ ሕመም የሚያገለግል የታወቀ የፊዚዮቴራፒ ዕቃ ነው። ለሆድ መጠቀሙን ግን ባለሙያው ላይሰማ ስለሚችል አስረዱት።

እንግዲህ ቆዳ። በሳሙና ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ቅባት የሚባል ነገር አይኑር። ቫዝሊን የለም፣ ሎሽን የለም። እኛ ሴቶች ከሻወር ወጥተን ሳንቀባ ከቀረን ነፍሳችን አይረጋም። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ቫዝሊን ላይ ለጥፌ ከረንቱን የሚያስተላልፈው ተለጣፊ ፓድ ጥግ ጥጉን ተነሣ። ጥግ ሲነሣ ከረንቱ በቀረው ጠባብ ቦታ ይሰበሰብና ይቆነጥጣል። ለሁለት ቀን የሚያሳክክ ቀይ ምልክት ጣለብኝ።

ፓዶቹ አራት ናቸው። ሁለቱ ፊት ለፊት፣ ከእምብርት ግራና ቀኝ፣ ከጎድን አጥንት በታች። ሁለቱ ጀርባ ላይ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ ከፊተኞቹ ትይዩ። የመቀነት ማሰሪያ ቦታ ብላችሁ አስቡት፤ ትንሽ ከፍ ብሎ። የጀርባውን ብቻችሁን መለጠፍ ከባድ ነው። እኔ ባለቤቴን እጠራለሁ። ብቻውን የሚኖር ሰው ፓዶቹን መጀመሪያ ሰፊ መቀነት ላይ ደርድሮ መታጠቅ ይችላል።

አሁን ሽቦው። ከማሽኗ ሁለት መስመር ይወጣል፤ እያንዳንዱ ሁለት ጫፍ አለው። የአንደኛው መስመር አንድ ጫፍ የፊት ቀኝ ላይ፣ ሌላው ጫፍ የኋላ ግራ ላይ። የሁለተኛው የፊት ግራና የኋላ ቀኝ። ሆዳችሁ ውስጥ ኤክስ ይሠራሉ። እኔ ምን አደረግኩ? አንዱን መስመር ሁለቱንም ፊት፣ ሌላውን ሁለቱንም ኋላ። አልተሻገሩማ! አሥር ቀን ሙሉ በየማታው አንድ ሰዓት፣ ለምንም። ፊዚዮቴራፒስቴ ስታየው አልሳቀችም፤ ጥሩ ሰው ናት። ከዚያ በኋላ አንዱን መስመር በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩበት። ፓዶቹንም እንደዚያው። እናንተም ከመጀመሪያው ቀን ቀቡት።

ማሽኗን የምታበሩት ሁሉም ፓድ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ኃይሉ ዜሮ ላይ ይሁን። ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ጉንዳን የሚሄድ ይመስላል። ከዚያ ሞቅ ያለ፣ ውስጥ ድረስ የሚሰማ ንዝረት ይሆናል። እዚያ ላይ አቁሙ። ማመም የለበትም። ጡንቻ መጨማደድ የለበትም። «ብዙ ባደረግኩት ቶሎ ይወጣልኛል» የሚባል ነገር የለም፤ የሚያቃጥለው ቆዳችሁን ብቻ ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስሜቱ ቢቀንስ ሰውነት ስለለመደው ነው፤ አንዲት ነቁጥ መጨመር ይቻላል።

ስትጨርሱ መጀመሪያ ወደ ዜሮ፣ ከዚያ ማጥፋት፣ ከዚያ ፓዱን መንቀል። አንድ ቀን የበሩ ደወል ጮኸብኝና ሳላጠፋ ፓዱን ስቤ ነቀልኩት። ጣቴን ያነዘረኝ ስሜት እስካሁን ትዝ ይለኛል። ለብሳችሁት አትተኙ፣ አትንዱ፣ ውሃ አጠገብ አትሂዱ። ከነቀላችሁ በኋላ ቆዳው ቀላ ቢል ይጠፋል። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ወይም ውሃ ከቋጠረ ለጥቂት ቀን ተዉትና ለባለሙያችሁ አሳዩ። ፓዱ ላስቲኩ ላይ ተመልሶ ይለጠፋል። ሲደርቅ አንድ ጠብታ ውሃ ያድሰዋል። መጣበቅ እምቢ ሲል ግን ቀይሩት፤ በፕላስተር ማሰር ቁጠባ አይደለም።

የእኔ ሰዓት ከእራት በኋላ፣ ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ድራማ ከፍቼ ሶፋ ላይ እቀመጣለሁ። ልጆቼ «እማዬ ቻርጅ ላይ ናት» ይላሉ።

ማሽኗ ብቻዋን አትበቃም

ኤሌክትሪኩ ማዕበሉን ቢቀሰቅስ፣ እናንተ ሽንት ቤት ካልተገኛችሁ ምን ዋጋ አለው? እኔ ለዓመታት ሥራ ቦታ መቀመጥ ያሳፍረኝ ነበር። ሲመጣ እይዘዋለሁ። ቤት ስደርስ የለም። በተያዘ ቁጥር ስሜቱ እየደከመ ይሄዳል፤ አንጀትም ያኮርፋል።

አሁን 11 ሰዓት ላይ ተነሥቼ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ ቁርስ፣ ቡና። ከ20 ደቂቃ በኋላ መጣም አልመጣም እቀመጣለሁ። ስልክ አልይዝም። ከአሥር ደቂቃ በላይ አልቆይም። ከእግሬ በታች ዱካ አደርጋለሁ። አዎ፣ ቡና የምናፈላበትን ዱካ! ልጅ ሆነን ቁጢጥ ብለን ነው የምንወጣው። ቁጢጥ ሲባል አንጀቱን ጫፉ ላይ ጠምዝዞ የያዘው ጡንቻ ይላላል፣ መንገዱ ቀጥ ይላል። የፈረንጅ መቀመጫ ላይ ግን ጉልበት ከዳሌ ዝቅ ይላል፣ መንገዱ ይጣመማል። ዱካው ጉልበትን ከፍ ያደርገዋል። ክርን ጉልበት ላይ፣ ሆድ ለቀቅ፣ ትንፋሽ ሳይያዝ። ለዱካው የከፈልኩት ምንም የለም። ከማሽኗ እኩል ረድቶኛል።

ጾም ላይ ይህ ሰዓት ይበላሻል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱ ማዕበል የምግብ ግፊት የለውም። ውሃም የለም። እኔ በሁዳዴ የሽንት ቤቱን ሰዓት ከመጀመሪያው ማዕድ በኋላ አድርጌዋለሁ። ውሃውን ደግሞ ከዚያ እስከ መኝታ እየቆራረጥኩ እጠጣለሁ። አቅም ያጣ ሰው የንስሐ አባቱንም ሐኪሙንም ያማክር።

የሚያስቀምጥ መድኃኒቴን በአንድ ቀን አላቆምኩም። ማክሮጎል በየቀኑ እወስድ ነበር። ሐኪሜ በየሁለት ሳምንቱ እንድቀንስ አደረገችኝ። ዛሬም ቤቴ አለ፤ አልፎ አልፎ እወስዳለሁ፤ አላፍርበትም።

ስድስት ሳምንት

ከስድስት ሳምንት በፊት «አልሠራም» አትበሉ። ሽቦውን ካስተካከልኩ በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት ምንም። ሁለተኛው፣ ጋዝ። ብዙ ጋዝ። ባለቤቴ ይመስክር። ሦስተኛው ላይ ደብተሬ «ዛሬም የለም፣ ሰልችቶኛል» ይላል። ላቆም ነበር። አራተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት፣ ምንም ኪኒን ሳልወስድ፣ ሳላምጥ፣ ቁጥር 3። ቀኑን አክብቤዋለሁ። ስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ በሳምንት ሦስት ሆነ። አሁን ማሽኗን በሳምንት ሦስት ምሽት ብቻ ነው የምጠቀመው። አንድ ወር ሙሉ ሳቆም ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ቀጠልኩ።

በስድስት ሳምንት ደብተሩ ላይ ምንም ለውጥ ከሌለ አቁሙት። ገንዘቡ ስላሳዘናችሁ ብቻ አትቀጥሉ።

ቁርጭምጭሚትና የሚቀበረው

ሌላም መንገድ አለ። ከቁርጭምጭሚት ውስጠኛው ጎን፣ ከአጥንቱ ሦስት አራት ጣት ከፍ ብሎ የሚያልፍ ነርቭ አለ። ሥሩ ለፊንጢጣና ለሽንት ፊኛ ነርቭ ከሚያቀብሉት ጋር አንድ ነው። በቀጭን መርፌ ወይም በፓድ፣ በሳምንት አንዴ ለ30 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት ያህል ይነቃቃል። የእግር አውራ ጣት ሲንቀጠቀጥ ቦታው ተገኘ ማለት ነው። የሽንት ጥድፊያ ላለባቸው ይረዳል። ለድርቀት ግን ማስረጃው ስስ ነው። እኔ አልሞከርኩትም።

ስለሚቀበረው ግን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም አንድ ሐኪም ቤት ገና ቀለበቱን ሳልውጥ «እናስገባልሽ» ብሎኝ ነበር። በወገብ በታችኛው ጠፍጣፋ አጥንት ቀዳዳ በኩል ቀጭን ሽቦ ይገባል። መጀመሪያ ለሁለት ሦስት ሳምንት በውጭ ባትሪ ይሞከራል። ከሠራ ባትሪው መቀመጫ ላይኛው ሥጋ ውስጥ ይቀበራል። ሽንትና ሰገራ ለሚያመልጣቸው ብዙ ሰው ሕይወት የቀየረ ሕክምና ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሽንት በ1997፣ ለሰገራ ማምለጥ በ2011 ተፈቅዷል። ለድርቀት ግን እዚያ አልተፈቀደም። በ2010 የወጣ የአውሮፓ ጥናት 62 ድርቀት ያለባቸውን ሞክሮ 45ቱ ባትሪው ተቀበረላቸው፤ ተስፋ ሰጪ ነበር። በ2015 ግን አውስትራሊያ ውስጥ አንጀታቸው ዘገምተኛ የሆኑ 59 ሰዎች ላይ ማሽኑን ሳይነግሯቸው እያበሩና እያጠፉ ሲያወዳድሩ ልዩነት አልታየም። ሽቦው ሊንሸራተት ይችላል። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ባትሪ ሲያልቅ ሌላ ቀዶ ጥገና አለ። «እናስገባልሽ» ሲሏችሁ ይህንን ጠይቁ፤ የእኔ ድርቀት የትኛው ነው? የሙከራው ጊዜ ስንት ነው? ስንት ድርቀት ላለበት ሰው አስገብታችኋል? ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቱ እየተጠቀመበት ነው? እኔ እነዚህን ስጠይቅ ቀጠሮው በአምስት ደቂቃ አለቀ።

ባለፈው ገና ደሴ ሄጄ ነበር። ማሽኗን በእጅ ሻንጣዬ ነው የያዝኳት፤ ሽቦና ባትሪ ስለሆነች ፍተሻ ላይ አውጥቶ ማሳየት ነው። ለእማዬ ብዬ ነበር። እሷም ለካ ስትሰቃይ ከርማ ለእኔ ተልባ ታዝዛለች! ፓዱን ላወጣ ስል ትዝ አለኝና መጀመሪያ ደብተር ሰጠኋት። ደብተሩን ትታ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካሌንደር ላይ ጻፈችው። ሰኞ የለም። ማክሰኞ የለም። ረቡዕ፣ «ምን አገባሽ»። የምትውጠውን ሁሉ አምጪ ስላት በፌስታል አመጣችው። ውስጡ የብረት ኪኒን አለ። መቼ ጀመርሽው ስላት፣ ድርቀቱ የጀመረ ሰሞን። ይዣት ሐኪሟ ጋ ሄድን፤ ደሟን አይቶ ኪኒኑን በየሁለት ቀኑ አደረገላት። ካሌንደሩ ላይ ምልክት መታየት የጀመረው በሳምንቱ ነው። ማሽኗ ከሻንጣዬ ሳትወጣ ተመለሰች።